በላሚኔሽን የተዘጋ መልስ

እኛ ከኢትዮጵያ ድንበር በኬንያው ወገን በምንጠቀምበት በአውሮፓውያን አቆጣጠር፣ በታኅሣሥ ወር 2006፣ የአባቴ ታናሽ ወንድም እኔ በሌለሁበት የብረት ሳንዱቄን ከፍተው፣ በአሥራ አራት ዓመት የሰበሰብኋቸውን ሠላሳ ስምንት ጥንታዊ የፈረንሳይ መኳንንት የግብዣ ካርዶች ወደ አንድ የፎቶ ኮፒ ቤት ወሰዱና አንድም ሳያስቀሩ በላሚኔሽን አሳሸጓቸው። ከካርዶቹ ሰባቱ እንደ መጽሐፍ የሚታጠፉ ነበሩ። ሰባቱም እንደ ታጠፉ ታሸጉ። ከሰባቱ በአንዱ ውስጥ፣ ለአንድ ጥያቄ የተሰጠ የአንድ ቃል መልስ ነበር። ያን ቃል እኔ አላነበብሁትም። አጎቴ አይተውታል።

በደሉ ይህ ነው፤ ከዚህ አይሰፋም። ከዚህ በታች የምጽፈው አብዛኛው አድናቆት ነው። አድናቆቱ በደሉን ያቀለዋል ብሎ የሚያስብ አንባቢ ካለ ግን ተሳስቷል።

ካርዶቹን ለማያውቃቸው ልግለጽ። ከመቶ ዓመት በፊት፣ አንዳንዴም ከዚያ ቀደም ብሎ፣ በፈረንሳይ አንድ መስፍን ወይም ማርኪዝ የሚባል ማዕረግ ያላት ወይዘሮ እንግዳ ለራት ስትጠራ፣ በእያንዳንዱ እንግዳ ሳሕን ፊት አንድ ትንሽ ካርድ ይቆም ነበር። የሚቀርበው ምግብ በሚቀርብበት ቅደም ተከተል ተጽፎበታል፤ መጀመሪያ ሾርባ፣ ቀጥሎ ዓሣ፣ ከዓሣው ኋላ ትልቁ ሥጋ፣ በመካከል ሆድ እንዲያርፍ የሚቀርብ ጣፋጭ በረዶ፣ ከዚያ የታደነ ወፍ፣ አትክልት፣ ጣፋጭ፣ ፍራፍሬ። ከሁሉ በላይ የቤቱ አርማ አለ። የምርጦቹ አርማ ቀለም የለውም፤ ከወረቀቱ ወደ ላይ ተገፍቶ የተነሣ ቅርጽ ብቻ ነው። ዓይን የሚያየው ብርሃን ከጎን ሲመጣ ነው። ጣት ግን ሁልጊዜ ያገኘዋል።

የማደንቀው የምግቡን ብዛት አይደለም፤ ብዙ መብላት ምንም ትምህርት አይጠይቅም። የማደንቀው ሥርዐቱን ነው። በእነዚህ ካርዶች ላይ ያለ ቦታው የገባ ቅጽል የለም። «ጣፋጭ»፣ «ምርጥ»፣ «ልዩ» የሚሉ የምግብ ቤት ቃላት ፈጽሞ አይገኙም። ዓሣው የመጣበት ወንዝ ይጠራል፤ ከዚያ በኋላ ዝም ይባላል። ከሳንዱቄ ካርዶች አንዱ በአደን ቀን ለተዘጋጀ ምሳ የተጻፈ ነበር። የቤቱ ጸሐፊ በሐምራዊ ቀለም በእጁ ጽፎት፣ ሦስተኛውን መስመር በአንዲት ቀጭን ሰረዝ ሰርዞ ከላይዋ ሌላ ምግብ አስገብቶበታል። ዓሣው አልደረሰም ማለት ነው። በዚያች ጠዋት አንድ ሰው ከኩሽና ወደ ላይ ወጥቶ ወሬውን ነገረ፤ ሌላ ሰው ደግሞ ሳይቆጣና ሳይቸኩል ቁጭ ብሎ የእንግዶቹን ካርዶች አንድ በአንድ አረመ። ሰረዙ በማስመሪያ የተሰመረ ነው። ሽንፈትን በማስመሪያ የሚያሰምር ሰው ከዚያ ካርድ በፊት አይቼ አላውቅም ነበር።

የመጀመሪያውን ያገኘሁት ፈረንሳይ ስማር በአንድ የእሑድ የአሮጌ ዕቃ ገበያ፣ የተሰበሩ ቁልፎች በሞሉበት ሣጥን ውስጥ ነው። ሦስተኛ ዲግሪዬን ጨርሼ ስመለስ፣ ስሙን የማልጠራው አንድ ዩኒቨርሲቲ በጽሑፍ የሰጠኝን ተስፋ በቃል ሻረው። ምክንያቱ ሲጠየቅ ዝም ተባለ፤ ዝምታው የድንበር ልጅ መሆኔን ይጨምር እንደ ነበር ለማወቅ ሦስተኛ ዲግሪ አያስፈልግም። በዚያው ሰሞን አባቴ ታመሙ። ሞያሌ ገባሁ፤ አባቴ ሞቱ፤ እኔ ቀረሁ። ቡቲዬ በሚባለው ሰፈር ካለው ቤታችን እየተመላለስሁ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ታሪክ አስተማርሁ። በዚህ ሁሉ ጊዜ ሳይበላሽ የቀረ ነገሬ ያ ሳንዱቅ ነበር።

ከሞያሌ ሆኖ የፈረንሳይ መኳንንትን ካርድ መሰብሰብ የማይቻል ይመስላል። የቻልሁት በፖስታ ቤት ነው። በአንዲት ትንሽ የፈረንሳይ ከተማ አሮጌ ወረቀት የሚሸጡ ባልቴት ነበሩ፤ ተማሪ ሳለሁ ከእርሳቸው ገዝቼ ስለማውቅ ደብዳቤ ጻፍሁላቸው። በገንዘብ ፈንታ አንድ ነገር ጠየቁኝ። የእኛ ከተማ አንድ ስም ያላት ሁለት ከተማ መሆኗን ካርታ ላይ አይተዋል፤ ስለዚህ በአንድ ቀን፣ አንዱ በኬንያው ሞያሌ ሌላው በኢትዮጵያው ሞያሌ ማኅተም የተመታባቸው ሁለት ፖስታዎች እንድልክላቸው ፈለጉ። ለካ እንዲህ ያለውን ጥንድ የሚሹ የቴምብር ሰብሳቢዎች አሉ። ለእያንዳንዱ ጥንድ አንድ ካርድ ይልኩልኝ ጀመር። እንደ እርሳቸው ያለ ታማኝ ሰው ዩኒቨርሲቲ ውስጥ አልገጠመኝም፤ የካርዱ ጥግ የፀጉር ያህል የተጎዳ እንደ ሆነ በቀይ ቀለም አስምረው ይነግሩኝ ነበር።

ከኢትዮጵያው ወገን ያለውን ፖስታ የሚያደርሱልኝ አጎቴ ነበሩ። ሠላሳ ዓመት በኬንያው አስተዳደር ጽሕፈት ቤት አስተርጓሚ ሆነው ስለሠሩ የሁለቱም ወገን ጠባቂ ያውቃቸዋል። ከመስኮቱ ፊት ቆመው የፖስታ ቤቱን ሠራተኛ ያዝዙታል። «ቀጥ አድርገህ ምታት እንጂ ልጄ! ፈረንሳይ ነው የምትሄደው፤ ዱርዬ ማኅተም ይዛ ትሂድ?» ማኅተሙ ከተዛባ ሌላ ቴምብር ያስለጥፉ ነበር። አንድም ጊዜ የተዛባ ማኅተም አላመጡልኝም።

ዓርብ ከስግደት ሲመለሱ ቤቴ ጎራ ይላሉ፤ አዲስ ካርድ ካለ መነጽራቸውን አውጥተው በሁለት እጃቸው ይቀበሉታል። የላቲን ፊደል አሳምረው ያነባሉ፤ ፈረንሳይኛ ግን አያውቁም።

«ይቺኛዋ ስንት ዓይነት ምግብ ናት?»

«አሥራ አንድ።»

«ለስንት ሰው?»

«ለእያንዳንዱ ሰው አሥራ አንድ፣ አጎቴ።»

«አስተግፊሩላህ! ሰዎች ናቸው ወይስ ጅቦች?»

«ከእያንዳንዱ ጥቂት ጥቂት ነው የሚቀምሱት።»

«ጅቡስ አህያዋን የጨረሳት ጥቂት ጥቂት እያለ አይደለም?» ካርዱን ገልብጠው ይመለከታሉ። «የግመል ወተትስ የታለ?»

«የለም።»

«እንግዲያው ድሆች ናቸው በይኛ።»

ከምግቡ ይልቅ የሚያከብሩት አርማውን ነበር። በአውራ ጣታቸው እየዳበሱ ይጠይቁኛል፤ መንግሥትን በስዋሂሊ ስሙ «ሰርካሊ» ነው የሚሉት።

«ይህ ማኅተም የየትኛው ሰርካሊ ነው?»

«የመንግሥት አይደለም። የአንድ ሰው ቤት ማኅተም ነው።»

«ለአንድ ራት ማኅተም!» ይላሉ ራሳቸውን እየነቀነቁ። «እኛ ለአንድ ወይፈን መንጃ ፈቃድ ማኅተም ለማግኘት ሦስት ወር እንመላለሳለን፤ እነሱ ሾርባውን ያትማሉ። እነዚህ ናቸው ሰዎች!»

እዚህ ላይ አንድ የአገራችንን ልማድ ማስረዳት አለብኝ፤ ያለ እርሱ የሆነውን መረዳት አይቻልም። በሞያሌ ወረቀት ይከበራል፤ የአክብሮቱ ከፍተኛ ደረጃም ላሚኔሽን ነው። ወደ ደቡብ በሚወስደው መንገድ ላይ በየኬላው ከመኪና እየወረድን መታወቂያ፣ ኪፓንዴ የምንለውን፣ እናሳያለን፤ ያረጀና የተቀደደ ወረቀት የያዘ ሰው ከሌሎቹ ይለያል፣ ይጠየቃል፣ አንዳንዴም ያድራል። አቧራ አለ፤ ምስጥ አለ፤ ዝናብ በመጣ ጊዜ ደግሞ እንደ ጠላት ነው የሚመጣው። ስለዚህ ከኡራን በጭነት መኪና፣ ከዳበል በሞተር ሳይክል የሚመጣ አርብቶ አደር ከብቱን ሸጦ መጀመሪያ የሚገባው የፎቶ ኮፒ ቤት ነው፤ የልጁን የልደት ወረቀት፣ የውኃ ጉድጓዱን ውል፣ የሟች አባቱን ደብዳቤ ፕላስቲክ ያለብሳል። አጎቴ የጋብቻ ውላቸውን፣ የጡረታ ደብዳቤያቸውንና የአንዲት ፍየል የክትባት ወረቀት አስለብሰዋል። ፍየሏ ከሞተች ቆይታለች። «ፕላስቲክ ያልለበሰ ወረቀት ራቁቱን ገበያ የወጣ ሰው ነው» ይሉ ነበር። ካርዶቼን እያዩ ይህን ሲናገሩ ሰምቻቸዋለሁ። ፕላስቲክ እነዚህን እንደሚገድላቸው ልነግራቸው ይገባኝ ነበር፤ አልነገርኋቸውም። ይህን በራሴ ላይ እመዘግባለሁ።

መልሱን የያዘው ካርድ የደረሰኝ በዚያው ዓመት አጋማሽ ነው። ኮንት የሚባል ማዕረግ ያለው ሰው ቤት የራት ካርድ ነበር፤ እንደ መጽሐፍ የሚታጠፍ፣ ወረቀቱ በነጭ የሸክላ ቅብ የተቀባና እንደ እንቁላል ቅርፊት የሚያበራ። በጀርባው ላይ በጥቁር እርሳስ፣ በጥድፊያ ግን በማያሻማ ጽሑፍ፣ እንዲህ ተጽፏል፦ «ይመጣሉ ወይስ አይመጡም? መልስዎን በውስጥ ይጻፉልኝ።»

ይህን ሳነብ ከወንበሬ መነሣቴን አስታውሳለሁ። በረዥም ማዕድ ላይ፣ በአሽከሮችና በዘመድ ዓይን መካከል፣ ጮክ ብሎ መጠየቅ የማይችል ሰው የምግብ ዝርዝሩን ገልብጦ ጻፈ፤ ስለ ዓሣው የሚጠይቅ መስሎ ካርዱን ወደ ጎረቤቱ አሳለፈ። ጠያቂው ወንድ ይሁን ሴት፣ ተጠያቂው የት እንዲመጣ እንደ ተፈለገ፣ ካርዱ አይናገርም። የአክብሮት አነጋገሩ ሁሉንም ይሸፍናል። የዚያ ሰው ድፍረት ቢያስደንቀኝም ይበልጥ ያስደነቀኝ ሥርዐቱ ነው፤ ሕይወቱን የሚወስን ጥያቄ ሲጠይቅ እንኳ መልሱ የት መጻፍ እንዳለበት አዘዘ።

ካርዱ ግን አይከፈትም ነበር። በዚያ ራት ላይ የፈሰሰ ጣፋጭ ነገር፣ ወይን ወይም ሽሮፕ፣ በክፍት ጠርዙ በኩል ሁለቱን ቅጠሎች አጣብቋቸዋል። በታችኛው ጥግ ብቻ የጥፍር ያህል ክፍተት ነበረች፤ በእርሷ በኩል አጮልቄ ሳይ የአንድ ፊደል ጅራት ይታየኛል፣ በሰማያዊ እርሳስ። ጥያቄው በጥቁር ነበር። ስለዚህ ሌላ እጅ፣ በሌላ እርሳስ፣ መልሶለታል።

ባልቴቷ ከካርዱ ጋር በላኩት ደብዳቤ፣ ራሳቸው ሊከፍቱት እንዳልደፈሩ፣ የእኔን ትዕግሥት ስለሚያውቁ ለእኔ እንደላኩት ጽፈው ነበር። «ሰማንያ አንድ ዓመቴ ነው፤ ያላለቀ ነገር አልወድም። ሲከፈት ይጻፉልኝ» የሚል ነበር የመጨረሻው መስመር። አንድ የተማረ ሰው ለሌላ የተማረ ሰው ሊሰጥ ከሚችለው ክብር ይህን ያህል የሰጠኝ የለም። ሥራውን ጀመርሁ። ከፈላ ውኃ በላይ በመረብ አስቀምጬ ለጥቂት ጊዜ በእንፋሎት አለሰልሰዋለሁ፤ ከዚያ በቀጭን የቀንድ ቢላ በቀን የፀጉር ያህል እገፋለሁ። በአራት ወር የትንሽ ጣቴን ግማሽ ያህል ሄድሁ። አልቸኮልሁም። የምቸኩልበት ነገር አልነበረኝም።

በኅዳር የብሔራዊ ፈተና ወረቀት እንዳርም ወደ ናይሮቢ ተጠራሁ። ካርዱን ከሌሎቹ ጋር በሳንዱቁ ውስጥ አኑሬ፣ የቤቱን ቁልፍ እንደ ልማዴ ለአጎቴ ሰጥቼ ሄድሁ። በዚያ ወር ዝናቡ ከልክ በላይ ሆነ። እርማቱን ጨርሼ ስመለስ መንገዱ በጎርፍ ተቆርጦ ማርሳቢት ከተማ ላይ አሥር ቀን ተቀመጥሁ። በእነዚያ ቀናት ከቤቴ ጣሪያ አንዲት ቆርቆሮ ተነሥታ ውኃው ሳንዱቁ ላይ ወርዷል። አጎቴ ያን ዕለት በጭቃ እየተንሸራተቱ መጥተው፣ ሳንዱቁን ሰብረው ከፍተው፣ ካርዶቹን በልብሳቸው ሥር አቅፈው ቤታቸው ወሰዷቸው። ሰባ ዓመት ካለፋቸው ቆይቷል። ካርዶቹ በሕይወት የተገኙት በእርሳቸው ነው። ይህን ማንም ሊነግረኝ አያስፈልግም፤ የአጎቴን ሥራ የሚያጣጥል ሰው ቢኖር የመጀመሪያዋ ተቃዋሚ እኔ ነኝ።

ቤቴ ስገባ አጎቴ ይጠብቁኝ ነበር፤ ተነሥተው ሳሙኝ።

«እንኳን በሰላም መጣሽ። ቤትሽን ዝናብ ገባበት። ወረቀቶችሽን ግን አላህ በእኔ እጅ አድኗቸዋል። ቁጭ በዪ።»

ቁጭ አልሁ። በነጭ ፎጣ የተጠቀለለ ነገር አምጥተው በጉልበቴ ላይ አኖሩ፤ ራሳቸው ፈቱት። ሠላሳ ስምንቱም ነበሩ። ያበራሉ። ጠርዛቸው በእኩል ስፋት ተከርክሟል፤ እጅ እንዳይወጉ ጥግ ጥጋቸው ክብ ሆኖ ተቆርጧል። በዚያች ቅጽበት እንኳ የሥራውን ንጽሕና ማየቴን አልክድም። አንዱን አነሣሁና ጣቴን በአርማው ላይ አሳለፍሁ። ምንም የለም። የማሽኑ መዳመጫ አርማውን ወደ ወረቀቱ መልሶ አስገብቶታል፤ ልስልስ፣ እንደ መስተዋት። የአደኑን ምሳ ፈለግሁ፤ ሐምራዊው ቀለም በውኃው ተሰራጭቶ፣ በማሽኑ ሙቀት ደርቆ፣ ያቺ በማስመሪያ የተሰመረች ሰረዝ ደመና ሆናለች።

«አሁን ባሕር ውስጥ ብትጥያቸው አይሞቱም» አሉ፣ ፊቴን እየተመለከቱ።

የኮንቱን ካርድ ከመካከላቸው አወጣሁ።

«ይህችን...»

«እሷ ተከፍታ ነበር። ውኃው ከፈታት። እንዲህ አፏን ከፍታ አገኘኋት፤ ዘጋሁልሽ።»

«ውስጧን አይተዋል?»

«እንዴ! እኔ ሰነድ ሳላይ እዘጋለሁ? የምግቡ ዝርዝር ነው፤ ከሥሩ ግን በሰማያዊ እርሳስ አንዲት ቃል አለች። አጭር ናት፣ ሦስት ፊደል። እጅ ጽሑፏ ግን ታምራለች ልጄ!»

በፈረንሳይኛ አዎ፣ «oui»፣ ሦስት ፊደል ነው። አይደለም የሚለውም፣ «non»፣ ሦስት ፊደል ነው።

«ምን ትላለች?» አልሁ።

ዓይናቸውን ወደ ጣሪያው አነሡ፤ ለማስታወስ። አፋቸው ተከፍቶ ነበር፤ ሊነግሩኝ ነበር። ያን ጊዜ እኔ፣ አራት ወር የታገሥሁት፣ አንዲት ትንፋሽ መታገሥ አቅቶኝ «መሃይም!» አልኋቸው።

ሦስት ቋንቋ ጽፈው ለሚያነቡ ሰው። በአባቴ ቤት ውስጥ። ተከፍቶ የነበረው አፍ ተዘጋ። ፎጣቸውን አጥፈው፣ በትራቸውን ይዘው ወጡ።

በማግሥቱ የፎቶ ኮፒ ቤቱን ባለቤት ለመጠየቅ ሄድሁ፤ የከተማው ወረቀት ሁሉ በእጇ የሚያልፍ ጠንካራ ሴት ናት። ካርዱን አሳየኋት። ማውለቅ ይቻል እንደ ሆነ ጠየቅኋት።

«ምዋሊሙ» አለችኝ፤ አስተማሪን በስዋሂሊ እንዲህ ነው የምንጠራው። «ላሚኔሽን ባል ሦስት ጊዜ 'ፈታሁሽ' እንደሚለው ነው። ከወጣ አይመለስም።»

«ሲሰጡሽ ውስጡን አይተሽዋል?»

«እኔ? የሰው ወረቀት አላነብም። አነባለሁ ከተባለ በዚህ ከተማ ማን ያመጣልኛል?» ካርዱን ገልብጣ አየችው። «ይቺ ወፍራሟ ናት። ማሽኑ አልውጥ ብሎኝ ሁለት ጊዜ አሳልፌያታለሁ። ሙዜው አጎትሽ አጠገቤ ቆመው 'ቀስ በዪ፣ የመኳንንት ናት፣ ቀስ' ሲሉኝ ነበር። ደግሞ ምን አደረግሻቸው? ዛሬ ሰላምታዬንም አልመለሱ።»

ቃሉን ያየ ሰው አንድ ብቻ መሆኑን እንዲህ አረጋገጥሁ።

አንባቢ ጠርዙን ቆርጬ ለምን እንዳልከፈትሁት ይጠይቅ ይሆናል። በሌላ ሞክሬዋለሁ። ከሰባቱ ዝቅተኛ ዋጋ የምሰጠውን፣ ያው በሸክላ ቅብ የተሠራ ካርድ መርጬ ሦስቱን ጠርዝ በምላጭ ቆረጥሁ። እርጥብ የነበረው ቅብ በጋለው መዳመጫ ሥር ሲጨመቅ ሁለቱ ቅጠሎች አንድ ሆነዋል። ስገፋው የአንዱ ገጽ ከሌላው ጋር እየተላጠ መጣ፤ ፊደላቱ እንደ ቅርፊት ረገፉ፤ ከአንዲት የሾርባ ስም ሁለት ፊደል ብቻ ተረፈ። የኮንቱን ካርድ አልነካሁትም። በቀትር ፀሐይ ላይ ይዤ አይቼዋለሁ፤ በሁለት ድርብ ወረቀትና በፕላስቲክ ውስጥ አንዲት ጥላ ትታያለች፣ የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል። ከዚያ በላይ አትናገርም።

እንግዲህ አጎቴ ብቻ ቀሩ። ሦስት ሽማግሌዎች ይዤ ቤታቸው ሄድሁ። የተናገርሁት ቃል ሐሰት መሆኑን በሽማግሌዎቹ ፊት ቃል በቃል ተናገርሁ፤ «ተሳስቼ» በሚል መጋረጃ አልሸፈንሁትም። አጎቴ እጃቸውን ዘርግተው መረቁኝ፤ ይቅርታው የእውነት ነበር። ሽማግሌዎቹ ሲወጡ ጠየቅኋቸው።

«አጎቴ፣ ያቺ ሰማያዊ ቃል ምን ትል ነበር? 'oui' ከሆነች አዎ ናት፣ 'non' ከሆነች አይ።»

የሽማግሌዎቹን የሻይ ብርጭቆ ወደ ጎን አደረጉ።

«የትኛው ቢሆን ደስ ይልሻል?» አሉኝ።

ይህ መልስ ከየት እንደ መጣ አውቃለሁ፤ ሥራቸው ነው። በአንድ ወቅት አንድ ሹም ከኡራን የመጣን አንድ ባለ ግመል ሰድቦት፣ አጎቴ «ግመሎችህ ደኅና ናቸው ወይ ይልሃል» ብለው ተረጎሙ። ባለ ግመሉ የሹሙን ፊት አይቶ ረገመ፤ አጎቴ ወደ ሹሙ ዞረው «አመሰግናለሁ ይላል» አሉ። ሁለቱም ወደየቤታቸው ገቡ፤ በዚያን ቀን ሰው አልሞተም። ይህን ታሪክ ከተማው ሁሉ ያውቀዋል፤ እኔም ሳልደክም አወራዋለሁ። በሠላሳ ዓመት ውስጥ ስንት ነፍስ እንዲህ እንዳተረፉ የሚያውቅ የለም። ሰዎች ሲጋጩ ቃልን ማለስለስ ለእርሳቸው ውሸት አይደለም፤ ሙያ ነው። አደንቀዋለሁ። ለዚህ ጉዳይ ግን አይሆንም።

በዒድ ቀን ልጆች ሲጫወቱ፣ ቤቱ ሞልቶ ሳለ፣ በጆሮዬ «አዎ ነበር የሚለው» አሉኝ። በተከታዩ ዓመት የትምህርት ቤቱ ርእሰ መምህርነት ለእኔ ሲገባ ለሌላ ሰው በተሰጠ ሳምንት ደግሞ ሊያጽናኑኝ መጥተው «አስቤው አስቤው... አይ ነው የሚለው። የጻፈችው ሴት እንደ አንቺ ኩሩ ነበረች» አሉኝ። ሁለቱንም ጊዜ አመሰገንሁ፤ ሁለቱንም ጊዜ አላመንሁም። ለእኔ የሚበጀኝን እየተረጎሙልኝ ነበር፤ ካርዱ ያለውን አልነገሩኝም። ባልቴቷ በየስድስት ወሩ በሚልኩት ዝርዝር ግርጌ ላይ «እናስ?» ብለው ይጽፉልኛል። ለእርሳቸው የማይሆን መልስ ልኬላቸው አላውቅም፤ አልልክምም። አሁን 2009 ነው፤ ካርዱ በጠረጴዛዬ ላይ አለ፤ አጎቴ በየዓርቡ ይመጣሉ፤ ስለ ሁሉም ነገር እናወራለን፤ ስለ እርሱ አናወራም።

ስለዚህ በጽሑፍ እጠይቃለሁ፤ ጽሑፍ አይለሰልስምና።

አጎቴ፣ ካርዶቼን ከውኃ ስላወጡ ምስጋናዬ እስከ ዕድሜዬ መጨረሻ የእርስዎ ነው። ፕላስቲኩን ይቅር ብያለሁ። ጠያቂው ማን እንደ ነበር አያውቁም፤ ፈረንሳይኛ አያውቁም፤ ትርጕም አልጠይቅዎትም። እንድጽናና አልፈልግም፤ ደስ እንዲለኝም አልፈልግም፤ ዳግመኛ የትኛው ቢሆን እመርጥ እንደ ሆነ አይጠይቁኝ። «አላስታውስም» ማለትም መልስ ነው፤ እውነት ከሆነ እቀበለዋለሁ፤ ለባልቴቷም እንዲሁ እጽፋለሁ። የምጠይቀው በዚያ በዝናብ ቀን፣ ካርዱን በፎጣ ሲያደርቁ፣ መነጽርዎን አድርገው በዓይንዎ ያዩትን ብቻ ነው። ያቺ በሰማያዊ እርሳስ የተጻፈች ቃል የመጀመሪያ ፊደሏ እንደ ቀለበት ዙሪያውን የተዘጋ ነበር፣ ወይስ እንደ በር ቅስት ወደ ታች የተከፈተ?